ባይኖኩላሬ አንገቴን እንዳያሳምመኝ ያደረግኩት
አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ አጋዘን ፍለጋ ዳገት ስወጣ፣ 10 በ42 ባይኖኩላሬ (አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር) አንገቴን ያሳምመኝ ነበር። ጎንበስ ስል ደግሞ ይወዛወዛል። ሰፊ የአንገት ማሰሪያ ገዛሁ፤ መወዛወዙ አልቀረም። ቀጥሎ በቬልክሮ (ተጣብቆ ሲላቀቅ በሚጮኽ ማያያዣ) የሚዘጋ፣ ባይኖኩላሩን የሚይዝ የደረት ቦርሳ ሞከርኩ። ስከፍተው ድምፁ አጋዘኗን አስበረገጋት። በጣም ቆጨኝ።

የሠራልኝ ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ፣ አራት ማሰሪያዎቹ ጀርባ ላይ የሚገናኙ ቦርሳ ነው። እሱም መጀመሪያ ቆረቆረኝ። የማሰሪያዎቹን መገናኛ ከትከሻ አጥንቶቼ መሃል ዝቅ አደረግኩት፣ የጀርባ ቦርሳዬንም ከላይ ደረብኩ። ከዚያ ቤት ውስጥ ባዶ ጠመንጃ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሰደፉ ማሰሪያውን እስካይነካ ድረስ አስተካከልኩት።

አንድ ነገር፦ ኮሎራዶ በጠመንጃ ለሚያድን ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ይጠይቃል። ቦርሳው ደረትን ይሸፍናል፤ ሰፋ ያለ ሰደርያ ልበሱ።