ጋለሪ ላይ የጠፋው ስክሪንሹት የት ተገኘ?

እህቴ ሱቅ አላት። ደንበኛ በሞባይል ሲከፍላት ማረጋገጫውን ስክሪንሹት አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ማታ ሂሳብ የምትዘጋው በሱ ነው። ሰሞኑን ግን ጋለሪዋ ውስጥ አንድም ስክሪንሹት አልታይ አለ። ስልኩ አንድሮይድ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ ምስሉ ጭራሽ ተነስቷል ወይ የሚለው ነው። የፓወርና የድምፅ መቀነሻ ቁልፎችን እኩል ተጫንን። ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ማሳወቂያው መጣ፤ ስንነካው ምስሉ ተከፈተ። ስለዚህ ይቀመጣል፣ ጋለሪው ነው የማያየው። ይህን ሳታረጋግጡ ስልኩን ፎርማት አድርጉት የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ፋይል ማናጀር ገባን። ስክሪንሹት የሚቀመጠው እንደየስልኩ «ፒክቸርስ» ወይም «ዲሲአይኤም» በሚለው ፎልደር ስር፣ «ስክሪንሹትስ» በሚል ስም ነው። የደንበኞቹ ክፍያ በሙሉ እዚያው ተደርድሯል! እህቴ እፎይ አለች።

ታዲያ ጋለሪው ለምን ዘለለው? ከፋይል ማናጀሩ ሴቲንግ «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ስናበራ፣ ከምስሎቹ መሀል ስሙ በነጥብ የሚጀምር «.ኖሚዲያ» የሚባል ባዶ ፋይል ብቅ አለ። ይህ ፋይል ያለበት ፎልደር ጋለሪ ላይ አይታይም። እሱን ብቻ አጥፍተን ስልኩን ሪስታርት አደረግነው። ሁሉም ተመለሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የባንክ አፖች ለደህንነት ሲባል ስክሪንሹት ይከለክላሉ። እንደዚያ ከሆነ ምስል መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ አፑ ደረሰኝ ዳውንሎድ የሚያስደርግ ከሆነ በዚያ አስቀምጡት።