የቲቪ ካርቱን ለመስራት የምታስቡ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ ተዉ

እዚህ ባህር ዳር አኒሜሽን ሊማሩ የሚመጡ ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው፣ የስዕል ችግር የለባቸውም። የሚያጠፋቸው የቲቪ ካርቱን አንዴ ተስሎ የሚያልቅ ነገር ስለሚመስላቸው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ዝርዝር የበዛበት ካራክተር ነው። ስንት ጊዜ ልናገር! አንዷ ተማሪዬ የዜጌ ልጅ የሆነች ካራክተር ስላ መጣች፣ ሹሩባዋ አንድ በአንድ ተሰርቷል፣ የቀሚሷ ጥለት ውስጥ ያለው ትንንሹ መስቀል ሳይቀር አለ፣ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል። እሺ አሁን ስትሮጥ አሳዪኝ አልኳት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለፍታ ሦስት ስዕል አመጣች፣ በሦስቱም የሹሩባው ብዛት ይለያያል። እስቲ አስሉት፣ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ምስል፣ ነው የሚያልፈው፣ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ብትይዙት እንኳ በሰከንድ 12 ስዕል፣ የ11 ደቂቃ ክፍል ማለት 7,920 ስዕል ማለት ነው! ያንን ጥለት ማነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚስለው? በኮምፒውተር እጅና እግሩን ለያይቼ አንቀሳቅሰዋለሁ የምትሉም ብትሆኑ ልጅቷ ዞር ባለች ቁጥር ጥለቱ አብሮ መዞር አለበት። ስፖንጅቦብ የሚባለው የአሜሪካ የቲቪ ካርቱን ላይ ያለው ስኩዊድዋርድ የሚሉት ካራክተር ኦክቶፐስ ነው፣ ግን 8 ሳይሆን 6 እጅና እግር ብቻ ነው ያለው፣ 8ቱን ማንቀሳቀስ ስለሚከብድ። ካርቱኑን የፈጠረው ስቲቨን ሂለንበርግ ደግሞ የባህር እንስሳት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፣ 8 መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ተማሪዬም በኋላ ሹሩባውን ሦስት ወፍራም መስመር አደረገችው፣ ጥለቱን አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ፣ አሁን ጥላዋን ብቻ አይታችሁ ታውቋታላችሁ።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። ሂለንበርግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳና ፖይንት ሲያስተምር ለተማሪዎቹ ስለ ባህር ፍጥረታት የኮሚክ መጽሐፍ ይሰራ ነበር፣ ከዛ ካልአርትስ የሚባል የጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ አኒሜሽን ተማረ፣ ከዛ የሌላ ሰው ካርቱን ላይ ተቀጥሮ ለዓመታት ሰራ፣ ስፖንጅቦብ ለቲቪ የበቃው በፈረንጆች 1999 ነው፣ ሰውየው 37 ዓመቱ ነበር። እናንተ በ19 ዓመታችሁ ሃምሳ ክፍል አቅዳችሁ አንድ ደቂቃ ሳትጨርሱ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። የሰው ስራ ላይ መቀጠር ውርደት አይደለም ወገን።

ስቱዲዮ የለንም ለምትሉኝ ደግሞ፣ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች የቲቪ ፕሮግራም የጀመረችው ቤቷ ውስጥ በአሻንጉሊት ነው።

ጉማሬ ሳሉ ስላችሁ ለምን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ? ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ሂዱና ቁጭ ብላችሁ እዩት እንጂ፣ ከውሃ በላይ ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው፣ ይሄ ለአኒሜተር ትልቅ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ሰውነቱን መሳል የለባችሁም ማለት ነው። የደንገል ታንኳም እንደ ፕላስቲክ ጀልባ አትንሳፈፍም፣ ውሃ ስለምትጠጣ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፣ ባለቤቱም ሲመለስ እንድትደርቅ ያቆማታል። ይሄን ያላየ ልጅ የሚስላት ታንኳ እንደ ላስቲክ ትዘላለች፣ ጣና ዳር ያደገ ህጻን ደግሞ ወዲያው ያውቅባችኋል።

ድምፅ መጀመሪያ ይቀዳ፣ አፉ በኋላ ይሳል። በ፣ መ፣ ጰ ላይ ከንፈር ካልገጠመ ያስታውቃል።

መብራት ይጠፋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፣ ፋይሉም ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ውል ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ለማስታወቂያ ብሎ የሳለውን ካራክተር አሰሪዎቹ ደብተርም ላይ ቲሸርትም ላይ አወጡት፣ እሱ የተከፈለው ለመጀመሪያዋ ማስታወቂያ ብቻ ነው፣ የፈረመውን ወረቀት ኋላ አብረን ስናነበው መብቱን በሙሉ ሰጥቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ አውርዳችሁ አንብቡት፣ ደግሞ ውል ሲመጣላችሁ ካራክተሩ የማን እንደሚሆን፣ ለስንት ጊዜና ለምን ለምን ስራ እንደሆነ ተጽፎ ካላያችሁ አትፈርሙ፣ ብሩ ቢያጓጓም።