ቁንጫ ያልተገኘበት ውሻና ድመት ለምን ይታከካል? ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ውሻዎ ሌሊቱን በኋላ እግሩ ጎኑን ሲፎክት ካደረ፣ ወይም ድመትዎ ሆዷ እስኪመለጥ ድረስ ስትልስ ከዋለች፣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፀጉሩን ገልጦ ቁንጫ መፈለግ ነው። ቁንጫ ሲታጣ ብዙ ሰው ወይ «ልማዱ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም ጎረቤት የነገረውን መርፌ ያስወጋል፤ ሁለቱም እንስሳውን ይጎዱታል። ማሳከክ የብዙ በሽታዎች የጋራ ምልክት በመሆኑ፣ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር አስተውለው በወረቀት ይያዙ፦ የሚታከከው የት የት ላይ ነው? ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ ወቅት ጠብቆ? በቤቱ ውስጥ አብሮ የሚታከክ ሌላ እንስሳ ወይም ሰው አለ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመራው በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።

ከመዳሰስዎ በፊት አንድ ጥንቃቄ

መታከኩ ድንገት ጀምሮ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከበረታ፣ እንስሳው ያንን ቦታ እስኪደማ ድረስ ከነከሰ፣ ጠባዩም ከተለወጠ፣ ማለትም የወትሮው ገራም ውሻ ያለምክንያት ከተቆጣ ወይም ጨለማ ቦታ ከተደበቀ፣ ለሃጩን ካዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃተው፣ ቆዳውን መመርመሩን ይተዉት። ቀድሞ በሌላ እንስሳ የተነከሰበት ቦታ ማሳከኩ ከእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። እንስሳውን ሳይነኩ ለይተው ይዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ምልክት፦ ወገቡና የጅራቱ ሥር ተመልጧል፣ ቁንጫ ግን አይታይም

ቁንጫ አለመታየቱ ቁንጫ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን እንስሳ ጥቂት ንክሻ ብቻ ለብዙ ቀናት ሲያሳክከው ይሰነብታል። ድመት ደግሞ ስትልስ ቁንጫውን ስለምትውጠው ማስረጃውን ራሷ ታጠፋዋለች። በአንድ ቤት ውስጥ ካለው ቁንጫ እንስሳው ላይ የሚገኘው ጎልማሳ ከ100 ወደ 5 ቢሆን ነው፤ የቀረው እንቁላል፣ እጭና ኩብኩባ ሆኖ በመኝታው፣ በምንጣፉና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። በውሻ ላይ ምልክቱ ከወገብ እስከ ጅራት ሥር እና በጭኑ ጀርባ ይበረታል፤ በድመት ላይ አንገቷንና ጀርባዋን ሲዳብሱ እንደ ዳጉሳ ፍሬ የሚቆረቁር ጥቃቅን ቅርፊት ያገኛሉ።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥበው ከእንስሳው ሥር ያንጥፉና የጅራቱን ሥር ጥርሱ በጠበቀ ማበጠሪያ ያበጥሩ። የሚረግፈውን ጥቁር ብናኝ በሶፍቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይተዉት። ብናኙ ዙሪያውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ካስተፋ፣ ያ ቁንጫ የጠጣው የእንስሳው ደም ነው፤ የቁንጫ ኩስ ነውና ጥርጣሬው አበቃ። ቀለም ካልለቀቀ አፈር ነው።

መፍትሄው በቤቱ ያሉትን ውሾችና ድመቶች በሙሉ ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ወራት የቁንጫ መከላከያ መስጠት፣ የሚተኙበትንም ጨርቅ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ የሚቆመው ሕክምና የማይሠራው ኩብኩባው ቆይቶ ስለሚፈለፈል ነው። ለውሻ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ግን ድመት ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

ምልክት፦ የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑ፣ ቋንጃውና ሆዱ ተልጦ ቅርፊት ይዟል፤ እንቅልፍ አጥቷል

እዚህ ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው እከክ ነው። ተባዩ በዓይን የማይታይ ሲሆን በላይኛው ቆዳ ውስጥ ዋሻ ፈልፍሎ እንቁላሉን ይጥላል። ውሻው በመንደር ከሚዞሩ ውሾች ጋር የሚጫወት ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ከመንገድ የተነሳ ቡችላ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቤተሰቡም ክንዱና ሆዱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣበት ነገሩ የበለጠ ግልጽ ይሆናል፤ የውሻው እከክ ሰው ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳክካል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ሲታከም በራሱ ይጠፋል። በቤት የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ፦ የውሻውን የጆሮ ጫፍ አጥፈው ጠርዙን ከጠርዙ ጋር በጣትዎ ቀስ ብለው ያሹት፤ በዚያው ጎን ያለው የኋላ እግር አየር ላይ መፎከት ከጀመረ እከክን በጣም ያስጠረጥራል።

ሐኪሙ ቆዳውን በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተባዩን ባያገኘው አይደነቁ። ተባዩ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ጥሩ ሐኪምም ምልክቱን አይቶ በጥርጣሬ ብቻ ማከሙ ትክክል ነው። አፎክሶላነር፣ ፍሉራላነር፣ ሳሮላነር የሚባሉት የሚዋጡ መድኃኒቶችም ሆኑ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠበው ሴላሜክቲን በደንብ ይሠራሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከሆነ ግን የሚዋጡትን ከመስጠት በፊት ለሐኪሙ መንገር ይገባል። አብረው የሚኖሩ ውሾች ሁሉ፣ የማይታከኩትም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ይታከማሉ። መታከኩ ከመድኃኒቱ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ሊቀጥል ስለሚችል በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ ሌላ መድኃኒት አይደረብም።

ስለ አይቨርሜክቲን መርፌ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ለእከክ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። በየመድኃኒት መደብሩ የሚሸጠው ባለ 1 ፐርሰንቱ መርፌ ለከብት የተሠራ ነው፤ መጠኑም የሚለካው ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ ነው። ይህንን በሲሪንጅ ወደ ቡችላ ክብደት ለማውረድ ሲሞከር የአንዲት ጠብታ ስህተት እንኳ መጠኑን ታዛባዋለች። ከዚህም ሌላ ኮሊ፣ የአውስትራሊያ እረኛና አንዳንድ የጀርመን እረኛ ውሾች፣ እንዲሁም ከእነሱ የተዳቀሉ፣ መድኃኒቱን ከአንጎል የሚያግድላቸው ዘረመል ጉድለት ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ውሻ ለሌላው ውሻ በሚበቃው መጠን ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ስቶ ሊሞትም ይችላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ነጭ ጋዝና የከብት መዥገር መርጫ መቀባትም ያው አደጋ ነው፤ እንስሳው የተቀባውን ልሶ ይውጠዋልና።

ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ረግፎ ማሳከኩ ግን እምብዛም ከሆነ ሌላ ነገር ይታሰብ፦ በፀጉር ሥር የሚኖረው ዴሞዴክስ የተባለው ተባይ፣ ወይም ወደ ሰው የሚተላለፈው ጭርት። ጭርት በተለይ ከድመት ግልገል ወደ ሕፃናት ራስ ስለሚሻገር ከልጅ ቆረቆር ጋር አብሮ ከታየ ሁለቱም ይታከሙ።

ምልክት፦ ጆሮውን ብቻ ይፎክታል፣ ራሱን ያራግፋል

በጆሮው ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ደረቅ ጥቁር ነገር ካለ፣ በተለይ በድመትና በቡችላ ላይ፣ የጆሮ ተባይ ነው፤ ከላይ ለእከክ የተጠቀሰው ሴላሜክቲን ያጠፋዋል። እርጥብ፣ የሚሸትና የሚያም ከሆነ ግን የባክቴሪያ ወይም የፈንገስ ቁስለት ነውና የጆሮው ታምቡር መበሳት አለመበሳቱ ሳይታይ ምንም አይጨመርበት። ጆሮው በየጊዜው እያገረሸ የሚያስቸግር ውሻ ከሥር ብዙ ጊዜ አለርጂ አለበት።

ምልክት፦ ቆዳው ቅባት ይዟል፣ የሰነበተ ቅቤ ይሸታል

ይህ ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ ነው፤ በብብት፣ በአንገት ሥርና በጣቶች መካከል ይራባል፣ ቆይቶም ቆዳውን አጥቁሮ ያወፍረዋል። መግል የያዘ ብጉር፣ ወይም ዳሩ የተቀረፈ ክብ ቅርፊት ከታየ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱም ራሳቸው ያሳክካሉ፤ ሁለቱም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ችግር ያቆሰለውን ቆዳ ተከትለው የሚገቡ ስለሆኑ እነሱን ብቻ አክሞ መተው ተመልሶ እዚያው መድረስ ነው። ክሎርሄክሲዲን ባለበት ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠብ፤ አረፋው ሳይታጠብ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ይህን ደቂቃ በሰዓት ይያዙት። የሰው ሳሙናም ሆነ የልብስ ሳሙና ለውሻ ቆዳ አይስማማም፤ ያደርቀዋል፣ ፎረፎርና ማሳከክም ያመጣል። ማሳከኩ በየታጠበ ቁጥር የሚብስ ውሻ ካለዎት መጀመሪያ ሳሙናውን ይለውጡ።

ምልክት፦ ክረምት ከበጋ ይታከካል፣ ጆሮውና ከኋላው ይብሳል፣ ሆዱም አይረጋም

በቤታችን ያለው ቡቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮውን ሲፎክትና ከኋላው ሲልስ ኖረ። ለእከክ ታከመ፣ ለፈንገስ ታከመ፤ ይሻለውና ተመልሶ ያው ይሆናል። አንድ ሁዳዴ ላይ ግን ጋብ አለለት። ያን ሰሞን ከሉካንዳ የሚመጣው አጥንት ቀርቶ የሚበላው የተቀቀለ ድንችና ቂጣ ነበር። ፋሲካ ደርሶ የቅርጫው አጥንት በተጣለለት በሦስተኛው ቀን የጆሮው ውስጥ እንደ ፍም ቀላ፣ ሌሊቱንም የእግሩ ድምፅ በወለሉ ላይ ሲያንኳኳ ይሰማን ጀመር። እኛ የበዓሉ ግርግር ያመጣው መስሎን ነበር፤ ነገሩ የገባን በኋላ ሥጋውን አስበን ከልክለን፣ አስበን ስንመልስለት ነው።

የምግብ አለርጂ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በደም ምርመራ ሊታመን የሚችል መልስ አይገኝም። በውሻ ላይ በብዛት የሚያስቸግሩት የከብት ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው፤ በድመት ላይ የከብት ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ። እንስሳው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቅ አንድ ሥጋ፣ ለውሻ ለምሳሌ አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ ዓሣ ከድንች ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ተቀቅሎ ለ8 ሳምንት ይሰጠዋል። በእነዚያ ሳምንታት ወተት፣ አጥንት፣ ልጆች ከገበታ ሥር የሚጥሉት ብስኩት፣ የሥጋ ጣዕም ያለው ክኒን ሳይቀር ይከለከላል፤ አንዲት ጉርሻ የወር ድካም ታበላሻለች። ሁዳዴ 55 ቀን በመሆኑ ከ8 ሳምንቱ ጋር ሊገጥም ጥቂት ነው የቀረው፣ የነሐሴው ፍልሰታ ግን 15 ቀን ስለሆነ ምንም አይፈርድም። ማሳከኩ ሲቆም የቀድሞውን ምግብ መመለስ ግድ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካገረሸ ተጠያቂው ታወቀ፣ ካላገረሸ ምናልባት የተሻለው ወቅቱ ስለተለወጠ ነበር።

ይህን ያነበበ ሰው ለውሻው የጾም ወጥ እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ። ሽሮውም ምስሩም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ድንችና ቂጣም የተሟላ ቀለብ ስላልሆነ የ8 ሳምንቱ ሙከራ ሐኪም ባወጣው ዝርዝር ቢመራ ይሻላል። ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ።

ምልክት፦ መዳፉን ይልሳል፣ ፊቱን ምንጣፍ ላይ ያሻል፣ ወቅት ይጠብቃል

ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜው ጀምሮት መዳፉን፣ ብብቱን፣ ሆዱንና ፊቱን የሚያሳክከው ውሻ፣ ተባዩም ምግቡም ከተጣራ በኋላ፣ ከአየርና ከሣር የሚመጣ አለርጂ እንዳለበት ይታመናል። ነጭ ውሻ ከሆነ በጣቶቹ መካከል ያለው ፀጉር በምራቁ ምክንያት የዝገት ቀለም ይይዛል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ በሚያብብበት በመስከረምና በጥቅምት የሚብስ ከሆነ ምክንያቱ የአበባ ብናኝ ነው ማለት ይቀላል። ዓመቱን ሙሉ ከሆነ የቤት አቧራ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተባዮች ይጠረጠራሉ።

ይህ አለርጂ ይያዛል እንጂ አይነቀልም፤ ባለቤቱ ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቅ ከብዙ ወጪ ይድናል። ከሣር ሲመለስ መዳፉንና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በየሳምንቱ ለስላሳ በሆነ የውሻ ሻምፖ ማጠብ፣ የቁንጫ መከላከያውንም ሳያቋርጡ መስጠት የሚፈለገውን መድኃኒት ይቀንሳል። ኦክላሲቲኒብ የተባለው ክኒን ማሳከኩን ቶሎ ያቆማል፤ ከ12 ወር በታች ላለ ውሻ ግን አይሰጥም። ፕሬድኒሶሎን ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ያስጠማል፣ ያስርባል፣ ቁስለትን ያባብሳል፣ ለብዙ ሳምንት ተወስዶም በአንድ ቀን አይቆምም። የሰው የአለርጂ ክኒን በውሻ ላይ ያለው ጥቅም ደካማ ነው።

ምልክት፦ ድመቷ አትታከክም፣ ሆዷና ጭኗ ግን ተላጭቷል

ድመት ብዙ ጊዜ የምትታከከው በምላሷ ነው፤ ያውም ተደብቃ። የቀረውን ፀጉር በጣትዎ ሲነኩት ጫፉ እንደ ተቆረጠ ከሻከረ፣ ፀጉሩ አልረገፈም፣ ልሳ ቆርጣዋለች። «ጭንቀት ነው» የሚለው ፍርድ የሚመጣው ቁንጫውም ምግቡም ሌላውም ከተጣራ በኋላ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

ከመሄድዎ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት እንስሳውን አይጠቡት፤ ለምርመራ የሚፈለገው ቅርፊትና ቅባት አብሮ ይታጠባልና። የቆዳ ፍቅፋቂና በግልጽ ፕላስተር የሚነሳ ናሙና በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቁ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከሚያክሙት ተቋማት አንዱ ነው። የመጀመሪያ ቀን የያዙትን ወረቀትና ከዚህ በፊት የተሰጠውን መድኃኒት ሁሉ ከነሣጥኑ ይውሰዱ፤ ስሙ የማይታወቅ መርፌ ተወግቶ ከሆነም የተወጋበትን ቀን ይናገሩ፤ ኮርቲዞን (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) ከነበረበት ምልክቱን ደብቆ ምርመራውን ያሳስታልና።