አይፕታዚያን ከአኳሪየሜ ያጠፋሁበት መንገድ
ከሕያው ድንጋይ (ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ከሚኖሩበት ድንጋይ) ጋር ተደብቆ ወደ ጨው ውሃ አኳሪየሜ የገባው አይፕታዚያ ነበር፤ ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የባሕር አነሞኒ፣ አበባ የሚመስል ተናዳፊ እንስሳ። ሲነኩት ሽምቅቅ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ክንዶቹ አጠገቡ ያለውን ኮራል ይለበልባሉ። በቢላዋ መፋቅ የዋህነት ነው፤ ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ራሷን የቻለች አይፕታዚያ ሆና ታድጋለች።

መፍትሔ የሆነኝ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው የኖራ ዱቄት ነው። በጥቂት ንጹሕ ውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ በጥብጬ በስሪንጅ ሳብኩት። ፓምፖቹን አጥፍቼ ውሃው ሲረጋ፣ የስሪንጁን ጫፍ ወደ አይፕታዚያው አፍ አስጠግቼ በዝግታ ለቀቅኩበት። ሆዳም ስለሆነ ምግብ መስሎት ይውጠዋል! ወዲያው ተኮማትሮ ነጩ ብጥብጥ ሸፈነው። ዱቄቱ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ስለሚያሻቅብ በአንድ ቀን ከጥቂቶች በላይ አልነካም፤ ጓንትና መነጽርም ግድ ነው። በስንጥቅ ለተሸሸጉት ትናንሾች ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የተባለ አይፕታዚያ የሚበላ ትንሽ የባሕር እንስሳ አስገባሁ፤ ሌሊት እየወጣ ይለቅማቸዋል። የዓሣ ምግብ የለመደ ሽሪምፕ ግን ዞር ብሎም ላያያቸው ይችላል።