ሰብአዊ መብት ተቋማት ጄኔቫ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የአገሮች የሰብአዊ መብት አያያዝ በተባበሩት መንግሥታት በሚገመገምበት በጄኔቫ፣ በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ተቋሙ የመንግሥት ልዑክ አባል መስሎ መታየቱ ነው። ብሔራዊ የሰብአዊ መብት ተቋም በሕግ ይቋቋማል፤ በጀቱም አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። ይህ ግን የመንግሥት ቃል አቀባይ አያደርገውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያጸደቃቸው፣ የእነዚህ ተቋማት መለኪያ የሆኑት የፓሪስ መርሆዎች እምብርት ነፃነት ነው። ስለዚህ «የአገሪቱን ሪፖርት ጻፉልን» ሲባል እሺ አይባልም። መረጃ ማቀበል፣ ረቂቁ ላይ አስተያየት መስጠት ያስኬዳል። መጻፉ የመንግሥት ድርሻ ነው። ራሱ የጻፈውን እንዴት አድርጎ ሊመዝን ነው?

በደፈናው መናገርም ሥራውን ይገድለዋል። «በማቆያ ቤቶች የመብት ጥሰት አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ይጽፋል። የሚጠቅመው ስንት ማቆያ እንደተጎበኘ፣ ስንት ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ስንት ቀን እንደቆየ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ፣ ተቋሙ ለማን ደብዳቤ ጽፎ ምን መልስ እንዳገኘ ነው። በሩን አስከፍቶ ገብቶ መዝገቡን ያገላበጠ ተቋም ይህን ካልጻፈ ማን ይጻፈው? ስም ሲጠቀስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተናገረው እስረኛ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ ማታ ማን እንደሚጠይቀው አናውቅም።

ሦስተኛው የጊዜ ነገር ነው። በሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ፣ ማለትም መንግሥታት የእያንዳንዱን አገር የመብት አያያዝ በየተራ በሚገመግሙበት ሂደት፣ የሥራ ቡድኑ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት መንግሥታት ናቸው። ለመናገር ብሎ ለዚያ ቀን የሚጓዝ ተቋም ዘግይቷል። የተቋሙ የራሱ ሪፖርት ከወራት በፊት መግባት፣ ኤምባሲዎችንም ቀድሞ ማነጋገር አለበት። የ«ኤ» ደረጃ ያለው፣ ማለትም የፓሪስ መርሆዎችን ሙሉ በሙሉ ያሟላ ተቋም ተራው የሚደርሰው በኋላ፣ የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ውጤቱን ሲያጸድቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011ቱ የምክር ቤቱ ውሳኔ ወዲህ ከተገመገመው አገር ቀጥሎ ወዲያው ይናገራል።

«ኤ»ን አንዴ ካገኘን አለቀ ማለትም አያዋጣም። በየ5 ዓመቱ እንደገና ይመረመራል፤ ዝቅ ሊልም ይችላል።

የመጨረሻው ከጄኔቫ መልስ ዝም ማለት ነው። በግምገማው የተሰጡት ምክረ ሐሳቦች በሕዝቡ ቋንቋ ይተርጎሙ። የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ ተለይቶ፣ በስንት ወር እንደሚጠየቅ ቀን ይቆረጥለት። ለፓርላማ ይቅረብ። ልጇ የታሰረባት እናት ሪፖርቱ ውስጥ ቃሏን ሰጥታለች። ምን እንደተባለ ሄዶ የሚነግራት ሰው ይመደብ።