በሮተርዳም ወደብ ኮንቴይነር ሲያጓጉዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ብዙ ሌሎች ስህተቶችን የሚወልደው፣ በጭነት ሰነድ ላይ «ሮተርዳም» የሚለውን ቃል አይቶ ወደቡን እንደ አንድ ግቢና እንደ አንድ በር መቁጠር ነው። ይህ የኔዘርላንድ ወደብ ከከተማዋ አንሥቶ እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ትልልቆቹ የውቅያኖስ መርከቦች በአብዛኛው የሚራገፉት በምዕራቡ ጫፍ፣ ባሕሩ በአሸዋ ተሞልቶ በተሠራው ማስቭላክተ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ኢሲቲ ዴልታ፣ ዩሮማክስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራቸውን በይፋ የጀመሩት ኤፒኤም ማስቭላክተ ሁለት እና ሮተርዳም ወርልድ ጌትዌይ የተለያዩ ተርሚናሎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በርና የቀጠሮ አሠራር አላቸው። በአጭር የባሕር መስመሮች ከአውሮፓ ወደቦች የሚመጣው ጭነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለከተማዋ በሚቀርቡት በዋልሃቨንና በኤምሃቨን ይስተናገዳል። ስለዚህ መኪናም ሆነ ባቡር ከማዘዝዎ በፊት መርከቡ በየትኛው ተርሚናል እንደሚቆም ይጠይቁ። መጨናነቅ ሲኖር መርከቡ ወደ ሌላ ተርሚናል ሊዞር ስለሚችልም፣ ሊደርስ ሲቃረብ ደግመው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ስህተት «መርከቡ ደርሷል» የሚለውን ዜና «ኮንቴይነሩን መውሰድ ይቻላል» ብሎ መተርጎም ነው። ኮንቴይነሩ በክሬን መውረዱ፣ የመርከብ ድርጅቱ ክፍያና ሰነድ አጣርቶ መልቀቁ፣ ጉምሩክም መፍቀዱ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ስለተፈጸመ ሌላው ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ከእነዚህ በተጨማሪ ጭነቱን የሚወስደው አጓጓዥ ፖርትቤዝ በተባለው የወደቡ የጋራ የመረጃ ሥርዓት በኩል አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ የሄደ ሹፌር ወደ ወደቡ በሚወስደው በኤ15 አውራ ጎዳና ላይ የደከመበትን መንገድ ባዶውን ይመለሳል። ቀድሞ ኮንቴይነር የሚወጣው በምስጢር ቁጥር ነበር። ነገር ግን የአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ቁጥሮቹን እየሰረቁ ጭነት ማውጣት በመጀመራቸው፣ በቅርብ ዓመታት የመረከብ መብቱ ከአንዱ ታውቆ ከተመዘገበ ድርጅት ወደ ቀጣዩ በዲጂታል መንገድ ብቻ የሚተላለፍበት አሠራር የቀድሞውን እየተካ መጥቷል። ይህ ተገቢ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያልተመዘገበ አጓጓዥ የመረጠ ሰው ዕቃው ዓይኑ እያየ ይቆምበታል።

በራይን ወንዝ የሚሄደው ባርጅ (ጠፍጣፋ የወንዝ ጭነት መርከብ) ርካሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ መደምደም ሦስተኛው ስህተት ነው፤ ይህኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ትልቅ ባርጅ በአንድ ጉዞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮችን ይጭናል፤ የወንዙ መስመርም በጀርመኖቹ ከተሞች በዱይስቡርግና በማንሃይም አልፎ እስከ ስዊዘርላንዷ ባዝል ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ መዘግየቱ የሚመጣው ግን ከወንዙ ሳይሆን ከወደቡ ነው። ባርጁ ጭነቱን ለመሰብሰብ ከተርሚናል ተርሚናል እየዞረ ከአንዱ አሥር፣ ከሌላው አምስት ኮንቴይነር ያነሣል፤ በብዙ ቦታም የሚጠቀመው ለውቅያኖስ መርከቦች በተዘጋጀው ክሬንና ማቆሚያ ነው። ተርሚናሉ ውል ያለው ከመርከብ ድርጅቱ ጋር እንጂ ከባርጁ ባለቤት ጋር ባለመሆኑ፣ ትልቁ መርከብ ዘግይቶ ሲመጣ ተራውን የሚለቀው ባርጁ ነው። በእኔ አመለካከት የወደቡ የወንዝ ማጓጓዣ ዋነኛ ድክመት ይህ የውል ክፍተት ነው። ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ ባርጁ በስንት ተርሚናሎች እንደሚቆምና በየአንዳንዱ ስንት ኮንቴይነር እንደሚያነሣ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

የውኃው መጠንም መረሳት የለበትም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 በጀርመን ካውብ የሚገኘው የራይን የውኃ መጠን መለኪያ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር፤ በኦገስት 2022ም ወንዙ እንደገና ክፉኛ ጎደለ። ቁጥሩ የመለኪያው ንባብ እንጂ የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ መርከቦች የሚሄዱበት መስመር ከዚያ ከአንድ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ያም ሆኖ ባርጆች በከፊል ብቻ ለመጫንና ተጨማሪ ክፍያ ለመጠየቅ ይገደዳሉ። ካውብ በወንዙ ላይ ከኮብሌንዝ ከተማ ወደ ላይኛው በኩል ስለሚገኝ፣ ንባቡ በቀጥታ የሚመለከተው ወደ ማንሃይምና ወደ ባዝል የሚሄደውን ጭነት ነው። መድረሻው ዱይስቡርግ የሆነ ሰው ግን መከታተል ያለበት በዚያው በዱይስቡርግ ሩርኦርት ያለውን መለኪያ ነው።

በባቡር በኩል የሚታየው ስህተት ከሮተርዳም ወደብ ወደ ጀርመን የሚወስደውን የቤቱወን መስመር እስከ መድረሻው የሚዘልቅ አድርጎ ማሰብ ነው። ለጭነት ብቻ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጁን 2007 የተከፈተው ይህ የ160 ኪሎ ሜትር መስመር በጀርመን ድንበር አጠገብ በዜቬናር ያበቃል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከኤመሪክ እስከ ኦበርሃውዘን ድረስ፣ የጭነት ባቡሩ ሐዲዱን ከመንገደኛ ባቡሮች ጋር ይጋራል፤ በዚያ የሚገነባው ሦስተኛው ሐዲድም ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መዘጋቶችን በማስከተሉ ባቡሮች በሌሎቹ የድንበር መሻገሪያዎች፣ በቬንሎ ወይም በባድ ቤንትሃይም በኩል እንዲዞሩ ሆነዋል። የኤሌክትሪኩም ኃይል ይለያያል፤ የቤቱወ መስመር የሚሠራው በ25 ኪሎ ቮልት ሲሆን የጀርመኑ በ15 ነው። በመሆኑም ሎኮሞቲቩ ሁለቱንም የሚችል መሆን ይኖርበታል።

ወደ ውጭ ለሚልኩ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ያልተገለጸ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። በግምት የተጻፈ ክብደት አይበቃም።

የመጨረሻው ስህተት ከቀን አቆጣጠር ጋር ይያያዛል። ዲመሬጅ የሚለው ቃል ለአገራችን አስመጪዎች እንግዳ አይደለም፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ዲቴንሽንን ነው። ሁለቱም ኮንቴይነሩ ሲዘገይ የሚጠየቁ ክፍያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአብዛኛው የሚታሰበው የተሞላው ኮንቴይነር ያለ ክፍያ ከተፈቀዱለት ነጻ ቀኖች በላይ በተርሚናሉ ሲቆይ ነው፤ ሁለተኛው ከተርሚናሉ ከወጣ በኋላ ባዶው እስኪመለስ ድረስ ይቆጥራል። ዕቃውን መጋዘን አስገብቶ ሥራው አለቀ ያለ ሰው ላይ ሒሳቡ ይቀጥላል። ባዶው የሚመለስበት ቦታም ከወሰዱበት ተርሚናል የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ የመመለሻውን አድራሻና የነጻ ቀኖቹን ብዛት ኮንቴይነሩ ከመውጣቱ በፊት ከመርከብ ድርጅቱ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።