ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሆኖ ቡናማ ድብን ማድነቅ፦ በካሜራ፣ በአጥር ውስጥና በዱር

በኢትዮጵያ ምድር ድብ የለም። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል የዱር ድብ ዛሬ ፈጽሞ አይገኝም፤ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረው ቡናማ ድብም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። ስለዚህ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታም ሆነ በለገጣፎ የሚኖር ሰው ይህን ግዙፍ አውሬ ማየት ቢመኝ ከቤቱ ሆኖ በቀጥታ ስርጭት ካሜራ ይመለከታል፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ በእንስሳት ማቆያ ያያል፣ አቅምና ዕድል ከገጠመለት ደግሞ እስከ ዱሩ ድረስ ይጓዛል። በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው፣ ወጪውም የሚቀለው የመጀመሪያው ነው።

በአላስካ በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ብሩክስ የተባለ ወንዝ አለ፤ በወንዙም ላይ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ፏፏቴ ይገኛል። ሳልመን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ተወለደበት ውሃ ሲመለስ ይህን ፏፏቴ መዝለል ግድ ስለሚሆንበት ድቦቹ በየዓመቱ እዚያው ተሰብስበው ይጠብቁታል። ኤክስፕሎር ዶት ኦርግ የተባለው ድረ ገጽ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥፍራው ካሜራ ተክሎ ትዕይንቱን በነጻ ያስተላልፋል። ዋናው ወር የእኛ ሐምሌ ነው፤ ክረምቱ ከቤት በማያስወጣበት ጊዜ መሆኑም ለተመልካች የተመቸ ነው። በነሐሴ ድቦቹ ወደ ሌሎች ጅረቶች ስለሚበተኑ ወንዙ ባዶ ቢመስል ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ በጳጉሜንና በመስከረም እንቁላሉን ጥሎ የደከመውንና የሞተውን ዓሣ ለመልቀም ተመልሰው ይመጣሉ።

የሰዓቱን ነገር አስቀድሞ ማስላት ይገባል። በበጋቸው ወራት አላስካ ከእኛ በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እነርሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው፤ የእነርሱ እኩለ ቀን ደግሞ የእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከእራት በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ለመመልከት ይመቻል። ማምሸት የማይሆንለት ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢከፍተው በሐምሌ የአላስካ ፀሐይ ገና ስላልጠለቀች በለስላሳው የምሽት ብርሃን ያያቸዋል። በከተማው ዳርቻ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ስልክን በቀን ሞልቶ ማዋል፣ የምስሉንም ጥራት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ድብ ትልቅ እንስሳ ስለሆነ በደበዘዘ ምስልም ቢሆን የሚያደርገው ሁሉ ይታያል።

ካሜራው ከተከፈተ በኋላ ትልቁ ሥራ መታገሥ ነው። በየደቂቃው ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው የሚዘልል ሰው የሚያየው ቡናማ ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ድብ መርጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እርሱን ብቻ መከታተል ይሻላል። አንዱ ፏፏቴው አናት ላይ ቆሞ ዓሣው ሲዘልል በአፉ ይቀልባል፤ ሌላው ከሥር በአረፋው ውስጥ እስከ አንገቱ ተዘፍቆ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ሦስተኛው ራሱ ሳያጠምድ የጎረቤቱን ይቀማል። ዓሣ የያዘውን ድብ በቅርበት ይመልከቱት፦ ዓሣውን በፊት መዳፉ ድንጋይ ላይ አጥብቆ ይጫነዋል፣ ቆዳውን ከጭንቅላቱ በኩል በጥርሱ ይዞ ወደ ጅራቱ ይገፈዋል፣ አንጎሉንና እንቁላሉን ይበላል፣ የቀረውንም አጠገቡ ለሚጮኹት የባሕር ወፎች ይተወዋል። ይህን የሚያደርገው ዓሣው ሲትረፈረፍ ነው፤ ሲያንስ አጥንቱን እንኳ አያስተርፍም። በአገሩ የብርድ ወራት ሳይበላ ለሚያሳልፈው ረጅም እንቅልፍ የሚያስፈልገው ስብ ስለሆነ በጥጋብ ጊዜ ስብ የበዛበትን ክፍል ብቻ ይመርጣል።

አንዱን ድብ ከሌላው መለየት መጀመሪያ ላይ የማይቻል ይመስላል። የጸጉር ቀለም አያስተማምንም፤ በሐምሌ አሮጌው ጸጉር እየረገፈ የተቦጫጨቀ መስሎ የሚታየው ድብ በመስከረም ጠቁሮና ደልቦ ይመጣል። ይልቅ የጆሮን ቅርጽ፣ የአፍንጫን ርዝመት፣ በፊትና በአንገት ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ከሁሉም በላይ የሚቆምበትን ቦታና የአጠማመድ ልማዱን በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ይረዳል። የፓርኩ ሠራተኞች ለድቦቹ ቁጥር ይሰጧቸዋል፤ 480 የተባለው ኦቲስ ጥርሶቹ ያለቁና ሁለት ክራንቻዎች የጎደሉት ሽማግሌ ሳለ በአንድ ቦታ ያለ መንቀሳቀስ ተቀምጦ በመጠበቅ ብቻ ከወጣቶቹ እኩል ይወፍር ነበር። ይኸው ድብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የወፍራም ድብ ምርጫ 4 ጊዜ አሸንፏል። ምርጫው የሚደረገው በመስቀል ሰሞን ወይም ጥቂት ዘግይቶ ነው፤ ማንኛውም ሰው የሐምሌውንና የመስከረሙን ፎቶግራፍ አነጻጽሮ በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣል። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ወንድ በብርዱ ወራት ዋዜማ ከ450 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል።

ዓይንን ለማለማመድ ግን ድብ አያስፈልግም። ከሰበታና ከሆለታ የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል፤ በዚያ በአንድ ዛፍ ሥር ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድን ጉሬዛ ብቻ መከታተል የቻለ ሰው ድብን ለመመልከት ተዘጋጅቷል። ቢኖኩላር ካለ መልካም ነው፤ ሙዝ ይዞ ማባበል ግን ነውር ነው።

በማቆያ ያለን ድብ ማየት የራሱ ጥቅም አለው፤ ካሜራ የማያሳየውን አካሉን በቅርብ ያሳያል። ቡናማ ድብ በትከሻው ላይ ሻኛ አለው፤ ይህም ለመቆፈር የሚረዳው የጡንቻ ክምር ነው። የፊት ጥፍሮቹም ረጃጅም ናቸው፤ ሲራመድም እግሩ እንደ ሰው ተረከዙን መሬት ያስነካል። ሆኖም ከማድነቅ በፊት አያያዙን መመርመር ይገባል። በአንድ መስመር ላይ ያለ ማቋረጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ወይም ቆሞ ራሱን የሚወዘውዝ ድብ እየጨፈረ አይደለም፤ ጠባብና ባዶ ቦታ ያመጣበት ሕመም ነው። ጥሩ ማቆያ የሚቆፈር አፈር፣ የሚዋኝበት ውሃ፣ ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ጥግና ተደብቆ የሚቀመጥ ምግብ ይኖረዋል፤ ስለዚህ ጥሩ ቦታ ሄዶ ድቡን ሳያዩ መመለስ ሊያጋጥም ይችላል፤ በዚህ መበሳጨት አይገባም። የስዊዘርላንድ ከተማ በርን ለረጅም ዘመን ድቦቿን በድንጋይ ጉድጓድ ስታኖር ቆይታ በ2009 እ.ኤ.አ. ወደ ወንዝ ዳር መናፈሻ አዛውራቸዋለች፤ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ልዩነቱን ያስረዳል። ይህን የመመርመር ልማድ እዚሁ መጀመር ለሚፈልግ ሰው በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው፣ ከሕገ ወጥ ንግድና ከመጥፎ አያያዝ የተረፉ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚጠለሉበት እንስሳ ኮቴ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ከመሄድ በፊት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዱሩ የሚሄድ ሰው ሊያከብራቸው የሚገቡ ሕጎች ጥቂትና ጥብቅ ናቸው። በካትማይ ከድብ ቢያንስ 45 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። እንግዳው ሁሉ ወደ ፏፏቴው ከመሄዱ በፊት ከፓርኩ ጠባቂዎች ስለ ድብ ገለጻ ይሰማል፤ ምግብ ይዞ በመንገዱ ላይ መዞር አይፈቀድም። ድብ በሰዓት እስከ 55 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ስለሚችል ከእርሱ መሸሽ ትርጉም የለውም፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ እየተናገሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይሻላል። ወደ ሥፍራው የመኪና መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ነው። ድብ መንገድ ላይ ተኝቶ ከሆነ እስኪነቃና እስኪሄድ ሰው ይጠብቃል እንጂ ድቡ አይነሳም፤ ስለዚህ የመልሱን በረራ ለዚያው ቀን አለመቁረጥ ነው።